ነቃይዋና ነጠብጣሞቹ ቅጠሎች

በዚያ ችግኝ ጣቢያ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ንጹሑ መደብ ነበር።

ነቃይዋ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ የተናገረች ዕለት፣ የባሏ ታላቅ ወንድም የመድኃኒት መርጫውን ከጀርባው ሳያወርድ ዞር አለና፣ «አንቺ እዚህ ያለሽው ልትነቅዪ ነው፤ እንድታስቢ ማን አዘዘሽ?» አላት። እሷም አንቱታዋን ሳታጓድል፣ «እርስዎ ቢያስቡልን ኖሮ እኔ ዝም ብዬ እነቅል ነበር» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በደህና ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አነጋገሯ ግን ጥሩ ጥያቄ ያዘለ ነበር። በሽታ የሚታይበት ችግኝ ይነቀላል፤ ምንም የማይታይበት ተመርጦ ይቀራል። ታዲያ የተመረጠው ለምን ቀድሞ ይሞታል? መልሱ ተክሎች ራሳቸውን ከበሽታ የሚከላከሉበትን መንገድ ወለል አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ከመነሻው ጀምረን ቀስ ብለን ብንሄድበት አይቆጨንም።

ጣቢያው ሦስት የላስቲክ ቤቶች አሉት። በእያንዳንዱ ውስጥ ወገብ የሚደርሱ የእንጨት መደቦች ተደርድረዋል፤ በመደቦቹ ላይ የቲማቲም ችግኝ የያዙ ጥቁር ትሪዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ከላስቲኩ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ላብ ማጅራት ላይ ሲያርፍ ሰውን ያስደነግጣል። ጣቢያውን ያቋቋሙት የነቃይዋ አማት ናቸው። ሲሞቱ ለልጆቻቸው ሦስቱን ቤቶች፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ በማሰሮ የታሸገ ድብልቅ የቲማቲም ዘርና አንድ ሕግ ትተው አለፉ። ሕጉ በመጀመሪያው ቤት በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፦ «ነጠብጣብ ያየህበትን ንቀል።»

ሕጉ ጊዜም ነበረው። ዝናብ ወይም ጭጋግ በጣለ በሦስተኛው ጠዋት ፍተሻ ይደረጋል። ነጠብጣብ የታየበት ችግኝ ሁሉ ተነቅሎ ከታንከሩ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ይጣላል። ይህ የነቃይዋ ሥራ ነው፤ ስሟን የተካው ቅጽል ስምም ከዚሁ መጣ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ነቀለች። ባሏ፣ የአማቷ ታናሹ ልጅ፣ በሰባተኛው ዓመት ሞተ። ከሦስተኛው ቤት ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ለሠራተኛ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ እሷም እየነቀለች እስካለች ድረስ ትኖርባቸዋለች። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ይህንን የሚያስታውሳት ጊዜ አያጣም ነበር።

እሱን ሠራተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። መርጫውን ከትከሻው ስለማያወርድ በቀልድ የወጣለት ስም ነው፤ እሱ ግን ከልቡ ወደደው። ዶክተር ንጹሕ ቅጠል ይወዳል። ለዓመቱ የሚሆነውን ዘር የሚያስቀረው ምንም ነጠብጣብ ካልታየበት ተክል ብቻ ነው። በየዓመቱም በፍተሻ የሚነቀለው ችግኝ እየቀነሰ መጣ። «አያችሁ፣ መድኃኒቴ ሲሠራ» ይላል። ከፍተሻው በኋላ የሚሞተው ግን በየዓመቱ እየጨመረ ነበር፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ወይ መሬቱ ይወቀስለታል፣ ወይ ውሃው፣ ወይ ነቃይዋ። ብዙውን ጊዜ ነቃይዋ።

በሽታውን እነሱ «ቃጠሎ» ይሉታል። እሳት የለበትም። ዓይን የማያየው ረቂቅ ነፍስ በነፋስ ተጭኖ ይመጣና እርጥብ ቅጠል ላይ ያርፋል። በውሃው ጠብታ ውስጥ ይዋኛል፤ ምቹ ቦታ ሲያገኝ ይጣበቅና ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ክር ያበቅላል። ክሩ የቅጠሉን ቆዳ ሰርስሮ ገብቶ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተሳበ ይመገባል። አራት ቀን ያህል ከውጭ ምንም አይታይም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ይጠቁርና ይላሽቃል። አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ፍተሻው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቃጠሎው የሚታየው ግን በአምስተኛው። ታዲያ በሦስተኛው ቀን የሚታየው ነጠብጣብ ምንድን ነው?

ነቃይዋ ይህን የጠየቀችው በአስራ ዘጠነኛው ክረምት ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ቤት ሙሉ ችግኝ ጠቆረ። በእጅ ጋሪ ሬሳውን ስታመላልስ ቆይታ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጋሪው ድንጋይ ይዞት ቆመ። ጎንበስ ስትል አስራ አንድ የቲማቲም ተክሎች አየች። የተጣሉ ናቸው፤ የጣለቻቸውም ራሷ ነች። የቲማቲም ግንድ መሬት ከነካ ከተጋደመበት ሥር ያወጣል፤ እነዚህም እንደተጋደሙ ሥር ሰድደው ቀና ብለዋል፤ አበባ ይዘዋል። ቅጠላቸው ላይ የመርፌ ራስ የሚያክሉ ደረቅ ቡናማ ነጥቦች አሉ። ቤት ውስጥ በመድኃኒት የታጠቡት ንጹሖች ሬሳ ሆነው ጋሪው ላይ ናቸው። ነጠብጣሞቹ ቆሻሻ ላይ ቆመው ያብባሉ።

እሷ ፊደል የቆጠረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ያደረገችውን ማንም ተመራማሪ አያፍርበትም። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ጥብቅ ክብ ሣለች፤ ሠላሳ ክቦች። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሄዳ አየቻቸው። በስምንተኛው ቀን ከሠላሳው ነጥብ አንዱም ክቡን አላለፈም።

ከዚያ አንዱን ቅጠል በወረቀት ጠቅልላ ወደ ልጇ ሄደች። ልጇ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አፏም እንደ መርፌዋ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እዚህ የማየው የሰው ሰገራ ነው» አለች።

«ሰገራውን ካየሽ ቅጠሉ ምን አደረገሽ?»

«አጎቴ ቢሰማ እኔንም ከበሽተኞቹ ጋር ይነቅለኛል።»

«አንቺ ነጠብጣብ የለብሽም፤ አይነካሽም። እዪልኝ ብዬሻለሁ።»

ልጅቱ እያጉረመረመች ቅጠሉን አልኮል ውስጥ ነከረችው። አረንጓዴው ለቆ ቅጠሉ እንደ ስስ ወረቀት እስኪነጣ ሁለት ቀን ጠበቀች፤ ሰማያዊ ማቅለሚያ ጨመረችበትና ከማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው። ካየች በኋላ ማጉረምረሟን ተወች። ወንበሩንም ለእናቷ ለቀቀች።

በነጥቡ መሃል ጥቂት ሕዋሳት ሞተው፣ ደርቀው፣ ግድግዳቸው ጠቁሮ ይታያል። በመካከላቸው አንድ ሰማያዊ ክር ተቆልምሞ ቀርቷል። ከሞቱት ቀጥሎ ያሉት ሕዋሳት ግድግዳቸውን በእጥፍ አወፍረዋል። ከእነሱ ወዲያ ያሉት ምንም እንዳልሆኑ ናቸው።

«ይኸውልሽ» አለች ልጅቱ፣ «እኛ ደማችን ውስጥ ወታደር አለን። ተህዋሲ ሲገባ ከየትም ሮጠው መጥተው ይበሉታል። ተክል ደም የለውም፣ የሚሮጥ ወታደርም የለው። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ዘበኛ ነው።»

«እና እነዚህ ለምን ሞቱ? በሽታው ገደላቸው?»

«አልገደላቸውም። ራሳቸውን ነው የገደሉት።»

ይህ ነጥብ ተደጋግሞ ቢነገርም አይሰለችም። የቃጠሎው ክር የሚያድገው ሕያው ሕዋስ እየተመገበ ነው። ሕዋሱ መነካቱን ካወቀ መጀመሪያ ግድግዳውን ያጠነክራል፣ መርዝ ያመነጫል። ያ ካልበቃ የመጨረሻውን ያደርጋል፤ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ይገድላል፤ ጎረቤቶቹም አብረውት ይሞታሉ። ጠላት የገባበት ቤት ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሚበላው የለም፤ ተርቦ እዚያው ይቀራል። ከውጭ ለሚያየው የዚህ ሁሉ ምልክት አንዲት ደረቅ ቡናማ ነጥብ ናት። ፈጣን ስለሆነችም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትታያለች። ጠላቱን ያላወቀ ተክል ግን ምንም አያደርግም፤ ንጹሕና ለምለም ሆኖ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ በአምስተኛው ቀን ያልቃል።

ነቃይዋ ዓይኗን ወደ ማይክሮስኮፑ መለሰች።

«በሦስተኛው ቀን ነው የምንነቅለው» አለች።

«አዎ።»

«ዘር የምናስቀረው ደግሞ ካልተነቀለው።»

«እማዬ፣ ገብቶኛል።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የሚዋጉትን በእጄ እየለቀምኩ ጣልኳቸው» አለችና ተነሳች።

አስራ አንዱን ከጉድጓዱ አንስታ ከክፍሏ ጀርባ በአሮጌ ጣሳዎች ተከለቻቸው። ከፍሬያቸው ዘር አወጣች፤ ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ ሁለት ትሪ ችግኝ አደረሰች። ከአገልግሎት ውጭ በሆነ በርሜል ከልላቸዋለች። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በሦስተኛው ቀን ዶክተር በርሜሉን በእግሩ ገፋው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ችግኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ነጠብጣቡ አይታይሽም? በሽታ ደብቀሽ በአባቴ ግቢ ታረቢያለሽ? ለካ በየዓመቱ የሚፈጀን ከአንቺ ጓዳ ነው የሚወጣው።»

«በየዓመቱ የሚፈጀን ከእርስዎ ምርጫ ነው የሚወጣው» አለች። ከዚያም የምታውቀውን ሁሉ፣ ክቡንም ክሩንም የሞቱትንም ሕዋሳት፣ በቅደም ተከተል ነገረችው። 

«ጨረስሽ?» አለ። «አባቴ በር ላይ የጻፈውን የጉድጓድ ለቃሚ ልታርመው ነው። ጥሩ። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ሁለት መደብ። አንዱ ላይ የእኔ ንጹሖች፣ አንዱ ላይ ያንቺ ቁስለኞች። ማንም መድኃኒት አይረጭም። በአስረኛው ቀን የማን እንደቆመ እናያለን። ያንቺ ከሞቱ ትሪሽንም እቃሽንም ይዘሽ ከግቢው ትወጫለሽ። ከሥራው ከወጣሽ ከክፍሉም እንደምትወጪ መቼም አይጠፋሽም።»

«የእርስዎ ከሞቱስ?»

«የእኔ አይሞቱም።»

የቤቱን የጎን ላስቲክ ገልጠው ጭጋጉን አስገቡት። በሦስተኛው ጠዋት የእሷ መደብ ሁሉ ነጠብጣብ ሆነ። ዶክተር ሠራተኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። «ኑ፣ ኩፍኝ የያዘው ቲማቲም እዩ» አለ፤ ሳቁለት። ከሳቁት መካከል ከእሷ ጋር ምሳ የሚበሉ ነበሩበት። በአምስተኛው ቀን የእሱ መደብ ገና ንጹሕ ነው። በስድስተኛውም። በሰባተኛው ቀን ዶክተር ደረቷ ላይ ባዶ ካርቶን አስደገፈና፣ «ዕቃሽን መሸከፍ ጀምሪ» ብሎ አለፈ። እሷም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ካርቶኑን ግን አልጣለችውም፤ ክፍሏ ውስጥ ገልብጣ ተቀመጠችበትና አሰበች። ከቃጠሎ ጋር ሰባት ቀን አብሮ የኖረ ያልተረጨ ንጹሕ ችግኝ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

በዘጠነኛው ጠዋት የእሱ መደብ ጠቆረ። የጠቆረበት መንገድ ግን ያልተለመደ ነበር። የታችኞቹ ቅጠሎች ደህና ናቸው፤ አናቱ ላይ በዚያው ሳምንት የወጡት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ተቃጥለዋል። ነቃይዋ አንዱን የታችኛ ቅጠል በአውራ ጣቷ ጠረገችና ጣቷን ለሠራተኞቹ ዘረጋች። ፈዛዛ ሰማያዊ አቧራ ይዟል። የመርጫው መድኃኒት ቀለም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ልብሱ ላይ አለበት።

«ጋሼ» አለች ረጋ ብላ፣ «ከሳምንት በፊት የተረጨ መድኃኒት ዛሬ የወጣ ቅጠል ላይ አይደርስም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መድኃኒት ቅጠሉ ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ልባስ ነው፤ ያረፈበትን ይጠብቃል፣ ያላረፈበትን አያውቅም። ተክሉ ሲያድግ አዲሱ ቅጠል ራቁቱን ይወጣል። የተክሉ የራሱ መከላከያ ግን አብሮት ያድጋል። እንዲያውም ይበልጣል፤ አንድ ቅጠል ከተዋጋ በኋላ ከዚያ ቅጠል የሚነሳ መልእክት በግንዱ በኩል ወደ ላይኞቹ ይደርሳል፤ ገና ያልተነኩት ቅጠሎች ጠላት ሳይመጣ ይዘጋጃሉ። የነቃይዋ መደብ ይህንን በግልጽ ያሳይ ነበር። ከታች ነጠብጣቡ ብዙ ነው፤ ከላይ እያነሰ ሄዶ አናቱ ላይ በጣት የሚቆጠር ሆኗል።

ዶክተር ጣቷን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ። «አንዱ ተሳስቶ ረጭቶት ይሆናል» አለ። መርጫውን የሚይዘው ግን እሱ ብቻ ነው።

ይቅርታ አልጠየቀም። በማግስቱ የበሩን ጽሑፍ ራሱ ቀለም ቀብቶ አጠፋው። የነቃይዋን ዘር በሦስቱም ቤቶች ዘራ፤ ችግኝ ለሚገዙት ገበሬዎችም «የዶክተር ዘር» ብሎ አስተዋወቀው። የእሷ ክፍል አልተነካም፤ ሥራዋም ተገለበጠና በሦስተኛው ቀን ነጠብጣብ የሌለበትን መንቀል ሆነ። ሁለት ክረምት አንድም ቤት አልጠቆረም። ሁለቱ ግን እንደቀድሞው ነበሩ። እሱ በሄደበት በር እሷ አትገባም፤ እሷ ያጠጣችውን መደብ እሱ እንደገና ያጠጣል።

በሦስተኛው ክረምት ከበሯ ሥር፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ አንድ ቅጠል አገኘች። የራሷ ዝርያ ነው። ነጥቡ አውራ ጣት አክሎ ተስፋፍቷል፤ ጠርዙ እርጥብና ጥቁር ነው። ዶክተር ከታንከሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል።

«የሚዋጉልሽ ደከማቸው መሰለኝ» አለ።

«የእርስዎ ዘር አይደል እንዴ፣ ጋሼ? ስሙ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሲያብብ የእኔ ነው፤ ሲሞት ያንቺ። እስከ ቀጣዩ ክረምት መውጫ ይህን ካላስተካከልሽ ክፍሉን ለመጋዘን እፈልገዋለሁ። ያኔ በጣትሽ ጠርገሽ የምታሳዪው አቧራም አይኖርሽም።»

ልጇ ነገሩን አስረዳቻት፤ በስልክ፣ አሁን ግን ሳታጉረመርም። ዘበኛው ሌባውን የሚያውቀው በለበሰው ጃኬት ነው። የተክሉ ሕዋስም የቃጠሎውን ዘር የሚለየው በአንድ ምልክት ነበር። ከሚሊዮን የቃጠሎ ዘሮች አንዱ ያንን ምልክት ሲጥል፣ ዘበኛው እያየው ያሳልፈዋል። የነቃይዋ ቲማቲሞች ሁሉ ያላቸው ዘበኛ አንድ ብቻ፣ የሚያውቀውም ጃኬት አንድ ብቻ ነበር።

«ስለዚህ ሁለተኛ ዘበኛ ያስፈልግሻል» አለች ልጅቱ። «ከሌላ ቲማቲም።»

ሌላ ቲማቲም ነበር። በጣቢያው አጥር ላይ ማንም ሳይተክላት የምትንጠላጠል፣ ፍሬዋ ከአተር የማይበልጥ፣ ወፍ የዘራት ቲማቲም። ነቃይዋ በዚያች ቅጠል ላይም ክብ ሣለች። ጥቁሩ ነጥብ እዚያም ክቡን ያልፋል፤ ነገር ግን በነቃይዋ ዝርያ ላይ በሦስት ቀን የሚያልፈውን በአጥሯ ቲማቲም ላይ አስራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ይህች ራሷን አትገድልም። ቆዳዋ ወፍራም፣ ግድግዳዋ ጠንካራ ስለሆነ ጠላቷን እያዘገመች ታደክመዋለች። ምልክት ስለማትጠብቅም ጃኬት ቢቀየር ግድ የላትም።

ነቃይዋ ሁለቱን አጋባቻቸው። የራሷን ዝርያ አበባ ሳይፈነዳ በቅንድብ መንቀያዋ ከፈተችና ወንዴውን ክፍል አውጥታ ጣለች፤ ከአጥሯ ቲማቲም ያመጣችውን ብናኝ በጣቷ ጫፍ ነካችበት፤ ቀይ ክር አሠረችበት። ከዚያ ፍሬ የወጡት ችግኞች ሁሉም ይመሳሰሉ ነበር። የእነዚያ ልጆች ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የአባቱን ይዞ፣ አንዱ የእናቱን፣ ጥቂቱ ሁለቱንም። ችግሩ የትኛው ጥቂቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። መቶ አርባ ችግኝ አላት፤ ሁሉም ሦስተኛው ቤት ውስጥ ናቸው። ዶክተር የሰጣት ጊዜ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቷል።

ከሦስት ቀን በፊት የታመሙ ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ አጥባ፣ የአሮጌውንም የአዲሱንም ቃጠሎ፣ በመቶ አርባው ላይ ረጨችው። ዛሬ ሦስተኛው ጠዋት ነው። አሁን የሚታይ ቡናማ ነጥብ የመጀመሪያው ዘበኛ መኖሩን ይናገራል፤ ቆይቶ ጥቁሩ ክቡን የሚያልፈው ቀስ ብሎ ከሆነ ሁለተኛውም አለ ማለት ነው። ከላስቲኩ የሚወርደው ላብ ማጅራቷን ያርሰዋል። ዶክተር በሩ ላይ ቆሞ መርጫውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ስንት ሞተ?» ይላል።

«ገና ነው፣ ጋሼ። ብርሃኑን ይልቀቁልኝ።»

አይለቅላትም። እሷ ጥላውን አልፋ ወደ ቀጣዩ ትሪ ትዞራለች፤ ሃምሳ ሦስተኛውን ችግኝ ወደ ብርሃኑ ታዘነብለዋለች፤ በእስክሪብቶዋም በአንዲት ቡናማ ነጥብ ዙሪያ ጥብቅ ክብ ትሥላለች።